ከመዳብ የወጣ ፊት፦ የአረንደሉ ኧርል ቅርጽ ምስሎች

(ይህ ጽሑፍ ለሥነ ጥበብ ተማሪዎች በቃል ካቀረብኩት ንግግር የተዘጋጀ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ።

ስለ ወረቀት ከመናገሬ በፊት ስለ አንድ ድንጋይ ልንገራችሁ። ለንደን ውስጥ፣ ታወር በሚባለው ጥንታዊ ምሽግ፣ ቢቸም የተባለ ግንብ አለ። በዚያ ግንብ ካሉት ክፍሎች በአንዱ፣ ከእሳት ማንደጃው በላይ፣ በላቲን የተቀረጸ ጽሑፍ እስከ ዛሬ ይነበባል። «በዚህ ዓለም ስለ ክርስቶስ የምንቀበለው መከራ በበዛ መጠን፣ በሚመጣው ዓለም ከክርስቶስ ጋር የምናገኘው ክብር ይበዛል» ይላል። አብሮት ስም አለ፤ አረንደል። ቀኑም አለ፤ ጁን 22 ቀን 1587።

ቃሉን የቀረጸው እስረኛ ፊሊፕ ሃዋርድ፣ የአረንደል ኧርል ነው። ኧርል ከመስፍን በታች ያለ የእንግሊዝ የመኳንንት ማዕረግ ነው። በካቶሊክ እምነቱ ምክንያት በ1585 ሲታሰር ባለቤቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። ወንድ ልጅ ወለደች። አባትየው ልጁን ዓይኑን ሳያይ፣ ከአሥር ዓመት እስር በኋላ፣ በ1595 እዚያው ሞተ። ማዕረጉም ርስቱም በመንግሥት ተወርሶ ነበር።

ዛሬ የማሳያችሁ ምስሎች የዚያ ልጅ ናቸው። ስሙ ቶማስ ሃዋርድ ይባላል። አባቱ ስሙን በግንብ ላይ ቧጥጦ ተወ፤ የልጁ ስም ደግሞ በመዳብ ተቀርጾ፣ በወረቀት ታትሞ፣ ባሕር ተሻግሮ ተሠራጨ። እነዚህን ምስሎች በተመለከትኩ ቁጥር ያ ግድግዳ ከፊቴ አይጠፋም። ስለዚህ ነው ከድንጋዩ የጀመርኩት።

ቤተሰቡን በአጭሩ ላስተዋውቃችሁ። ሃዋርዶች ከንጉሡ ቤት ቀጥሎ በእንግሊዝ ምድር ከፍተኛውን ወንበር የያዙ፣ የኖርፎክ መስፍን የሚለውን ማዕረግ የተሸከሙ ሰዎች ነበሩ። ለዚያ ቅርበት የከፈሉት ዋጋም ከባድ ነው። የቶማስ ቅድመ አያት፣ ባለቅኔው የሰሪ ኧርል፣ በ1547 አንገቱ ተቀላ። አያቱ፣ አራተኛው የኖርፎክ መስፍን፣ በ1572 አንገቱ ተቀላ። አባቱ በእስር ሞተ። ቶማስ ራሱ የአረንደልነትን ማዕረግ መልሶ ያገኘው ንግሥት ኤልሳቤጥ ሞታ ቀዳማዊ ጄምስ ከነገሠ በኋላ፣ በ1604 ነው። የመስፍንነቱ ማዕረግ ግን አልተመለሰለትም። ዕድሜውን ሙሉ ሲመኘው ኖሮ ሳያገኘው ሞተ። ይህን አስታውሱልኝ፤ በምስሎቹ ግርጌ የተደረደረውን ጽሑፍ ስናነብ ያስፈልገናል።

አሁን ወደ ሥራው ልምጣ። አብዛኞቻችሁ ቀለምና ሸራ ታውቃላችሁ፤ መዳብ ግን ሌላ ጠባይ አለው። በዚያ ዘመን የሰውን ምስል በመዳብ ላይ የማውጣት ሁለት ዋና መንገዶች ነበሩ። አንደኛው በብረት መቅረጽ ነው። ቀራጩ ቡሪን የሚባለውን ሹል ብረት በመዳፉ ይዞ ወደ ፊት ይገፋዋል፤ እንደ እርሳስ ወደ ራሱ አይስበውም። ክብ መስመር ሲፈልግ እጁን አያዞርም፤ በቆዳ ትራስ ላይ ያስቀመጠውን ሰሌዳ ያዞረዋል። መዳቡ ከብረቱ ፊት እንደ ተጠቀለለ ፀጉር እየሆነ ይነሣል። ሲጫን መስመሩ ይወፍራል፤ ሲያቀል ይቀጥናል። አንድ ጉንጭ ለመጨረስ ቀናት ይፈጃል።

ሁለተኛው በአሲድ ማስበላት ነው። ሰሌዳው ሞቅ ይደረግና በስስ ሰም ይሸፈናል፤ ሰሙም በሻማ ጭስ ይጠቁራል። ሠዓሊው በመርፌ ሰሙን እየጫረ ይሥላል፤ መዳቡን አይነካካውም፤ ሰሙን ብቻ ይከፍታል። ከዚያ አሲድ ይፈስበታል፤ አሲዱም የተከፈተውን መስመር ብቻ ይበላል። እጅ እንደ ልብ ስለሚሄድ ሥራው ፈጣን ነው።

ከዚህ በኋላ ሁለቱም አንድ ናቸው። ሰሌዳው ጥቁር ቀለም ይቀባል፤ ገጽታው ተጠርጎ ይጸዳል፤ ቀለሙ በተቦረቦረው መስመር ውስጥ ብቻ ይቀራል። እርጥብ ወረቀት ይደረብበትና በሁለት ከባድ ዘንጎች መካከል ያልፋል። ወረቀቱ ወደ ቦይዎቹ ገብቶ ቀለሙን ይዞ ይወጣል። በደንብ የወጣ ኅትመት ላይ ጣታችሁን ቀስ አድርጋችሁ ብታሳልፉ መስመሩ ከፍ ብሎ ይሰማችኋል። እኔ መጀመሪያ በዚህ ጥበብ የተያዝኩት ያ ስሜት ጣቴ ላይ ሲደርስ ነው።

ሁሉም ነገር ግን ተገልብጦ ይወጣል። በሰሌዳው ላይ ቀኝ የነበረው በወረቀቱ ላይ ግራ ይሆናል። ቀራጩ አስቀድሞ ገልብጦ ካልሠራ በግራ ጎን የሚታጠቀው ሰይፍ በቀኝ ይታያል። ከምስሉ በታች ያለውን ረጅም የማዕረግ ዝርዝር ደግሞ አንድ በአንድ፣ ፊደል በፊደል፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየገለበጡ መጻፍ ግዴታ ነው። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ስማችሁን በመስታወት እንደሚታየው አድርጋችሁ ለመጻፍ ሞክሩ። ከዚያ እርሱን በብረት፣ በቀላሉ በማይሠረዝ መዳብ ላይ፣ ለአንድ ቁጡ መኳንንት እየጻፋችሁ እንደሆነ አስቡ።

እንግዲህ ሰውየውን እንይ። ጸሐፊው የነበረው ኤድዋርድ ዎከር መልኩን በጽሑፍ ትቶልናል። ቁመቱ ረጅም፣ ፊቱ ረዘም ያለ፣ ዓይኖቹ ትልልቅ፣ ጥቁርና ወግተው የሚያዩ፣ አፍንጫው ቆልመም ያለ፣ ጉንጩ ላይ ኪንታሮት ወይም ማርያም የሳመችው ምልክት ያለበት፣ መልኩ ጠየም ያለ፣ ፀጉሩም ጢሙም ሳሳ ያለ ሰው ነበር ይላል። አለባበሱ ተራ ነበር። ዎከር እንደሚነግረን፣ ሌላው የቤተ መንግሥት ሰው፣ በሐር አጊያጌጡ የታወቀው የካርላይል ኧርል፣ ይህን ተራ ልብስ የለበሰ ሰው ሲመጣ አይቶ፣ ከሁላችንም ይልቅ መኳንንት የሚመስለው እርሱ ነው ብሏል።

ይህ ለቀራጭ ትልቅ ጸጋ ነው። ዳንቴልና ሐር በመዳብ ላይ ብዙ ጉልበት ይበላሉ፤ ተመልካቹም ዳንቴሉን አይቶ ፊቱን ይረሳል። አረንደል ግን ፊቱን ይዞ ነው የሚመጣው። ሩበንስ ሥሎታል፤ ዳንኤል ማይተንስ ሥሎታል፤ ቫን ዳይክ ደጋግሞ ሥሎታል። ቫን ዳይክ በ1620ዎቹ መባቻ ገና ወጣት ሳለ በሣለው ምስል ላይ ኧርሉ ተቀምጦ፣ በአንድ እጁ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን የወርቅ ሜዳልያ ይዟል። ሜዳልያው ጋርተር የሚባለው የእንግሊዝ ከፍተኛ የክብር ኒሻን ነው፤ በላዩም ያለው እኛ ሁላችን ከልጅነት ጀምሮ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ የምናውቀው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ ፈረሱ ላይ ሆኖ ዘንዶውን ሲወጋ። አረንደል ይህን ኒሻን በ1611 ተቀበለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1954 የተቀበሉት ይኸው ኒሻን ነው፤ ለዚህ ነው አንዳንዶቻችሁ ፎቶግራፋቸው ላይ አይታችሁት ሊሆን የሚችለው።

ሥዕል ግን አንድ ነው። በስትራንድ መንገድ፣ በቴምዝ ወንዝ ዳር ባለው የአረንደል ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚያየው ለግብዣ የተጠራ ብቻ ነው። ኅትመት እግር አለው። ከአንድ ሰሌዳ ብዙ መቶ ወረቀት ይወጣል፤ ለወዳጅ ይላካል፤ በመጽሐፍ ይጠረዛል፤ በሱቅ ይሸጣል። በእኛ ዘንድም ከዚያ ክፍለ ዘመን የቀረ አንድ ፊት አለ፤ የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ። ጀርመናዊው ምሁር ኢዮብ ሉዶልፍ ስለ ኢትዮጵያ በጻፈው ታሪክ ላይ ጨምሮ በ1691 ባሳተመው ማብራሪያ ውስጥ ምስላቸው በመዳብ ተቀርጾ ወጣ። ይህ ጥበብ ባይኖር ፊታቸውን አናውቀውም ነበር።

አረንደል የኅትመትን ጉልበት ቀድሞ የገባው ሰው ነው። ሉካስ ፎርስተርማን የተባለው የአንትወርፕ ቀራጭ፣ ለሩበንስ ሲሠራ ቆይቶ እንግሊዝ ሲመጣ፣ ኧርሉ ሥራ ሰጠው። ከሠራለት አንዱ ሆልባይን የሣለው የሦስተኛው የኖርፎክ መስፍን ምስል ነው። ይህ ሰው የአረንደል ምንጅላት ነው፤ እርሱም በሄንሪ ስምንተኛ ዘመን ሞት ተፈርዶበት፣ ንጉሡ ቀድሞ ስለሞተ ብቻ ከመቀላት ተርፏል። ልብ በሉ፤ አረንደል የራሱን ፊት ብቻ አይደለም ያሳተመው። የተዋረዱትን አባቶቹን ፊት በክብር ወደ ሰው ዓይን መለሰ። ለእኔ ይህ ከማንኛውም ፈረስና ጥሩር የበለጠ የሚናገር ኅትመት ነው።

ያው ፎርስተርማን በኋላ ኧርሉንና ባለቤቱን አሌቲያ ታልቦትን አንድ ላይ የሚያሳየውን የቫን ዳይክ ሥዕል ወደ መዳብ አመጣው። በመካከላቸው የምድር ሉል አለ፤ የኧርሉ ጣት ማዳጋስካርን ያመለክታል። በ1639 ገደማ ደሴቲቱን በእንግሊዞች ለማስፈር ዐቅዶ ነበር። መርከብ አልሄደም። ዕቅዱ በሥዕልና በኅትመት ቀረ። አፍሪካዊ ተመልካች ያንን ጣት ሲያይ ዝም ብሎ አያልፈውም፤ እኔም አላልፈውም። የሰው አገር በሁለት ጎልማሶች መካከል እንደ ቤት ዕቃ ተቀምጧል።

አሁን ወደምወደው ሰው ደረስኩ። በ1636 ንጉሥ ቻርልስ አረንደልን ወደ ንጉሠ ነገሥት ፈርዲናንድ ዳግማዊ መልእክተኛ አድርጎ ላከው። የጀርመን ምድር በሠላሳ ዓመቱ ጦርነት እየነደደ ነበር። አብሮ የተጓዘው ዊሊያም ክራውን ማስታወሻ ይዟል፤ ባካራክ በሚባል የራይን ወንዝ ከተማ ድሆች ሣር በአፋቸው እንደያዙ ሞተው ይገኙ እንደነበር ጽፏል። በዚያ ጉዞ፣ ኮሎኝ ላይ፣ ኧርሉ አንድ የፕራግ ተወላጅ አገኘ። ዕድሜው ወደ ሠላሳ የተጠጋ፣ አገሩን ጥሎ ከወጣ ዓመታት ያለፉት ወጣት ነበር። ቬንስስላውስ ሆላር ይባላል። ኧርሉ ከኑረምበርግ በጻፈው ደብዳቤ ላይ፣ በብርቱ ውሃ ቶሎ ቶሎና በሚያምር መንፈስ የሚሠራ ሆላር የሚባል ሰው አብሮኝ አለ ብሏል። «ብርቱ ውሃ» ያለው አሲዱን ነው።

ሆላር ለንደን ገባ። በሕይወቱ ወደ 2,700 የሚጠጉ ሰሌዳዎችን ሠራ። ስለ እርሱ የሚነገረው ሁሉ ልብ ይነካል። ዓይኑ ሩቅ የማያይ ነበር፤ ሥራውን ወደ ፊቱ አስጠግቶ ነው የሚሠራው። በሰዓት አራት ፔንስ ይከፈለው ነበር ይባላል። የአሸዋ ሰዓት ከፊቱ ያቆማል፤ ሰው መጥቶ ካነጋገረው ወይም ለጉዳይ ከተነሣ ሰዓቱን በጎኑ ያጋድመዋል፤ አሸዋው እንዳይወርድ፤ ያልሠራበትን እንዳያስከፍል። ሚስኪን ሠራተኛ ሆኖ ሳለ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ! የእጅ ሥራ የሚሠራ ሁሉ ይህን ታሪክ ሲሰማ አንገቱን ይነቀንቃል።

ሆላር የኧርሉን ፊት ከቫን ዳይክ ሥዕሎች እየተነሣ ከአንድ ጊዜ በላይ አውጥቶታል። ፎርስተርማን በቡሪን የሚሠራው ጉንጭ እንደ ተወለወለ ብር ይጠነክራል። የሆላር ጉንጭ ግን ቆዳ ነው። መስመሮቹ አጫጭር፣ ቀጫጭን፣ እንደ ትንፋሽ ናቸው፤ ሲደራረቡ ጥላ ይሆናሉ፣ ሲራራቁ ብርሃን። የሴቶችን የእጅ ማሞቂያ ፀጉር ለብቻው ወስዶ የሠራቸው ሰሌዳዎች አሉ፤ ብታዩዋቸው እጃችሁን ውስጡ ለመክተት ያምራችኋል። ያው እጅ ነው የኧርሉን ስስ ጢም የሠራው።

ዓይኑን ደግሞ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ዎከር «ወግተው የሚያዩ» ያላቸው ጥቁር ዓይኖች። ጥቁሩ በተደራረቡ መስመሮች ተሞልቷል። በመካከሉ አንዲት ነጥብ ብርሃን አለች። ያቺ ነጥብ አልተሠራችም። ሠዓሊው ሳይነካ የተዋት ቦታ ናት፤ ባዶ ወረቀት ናት። ኧርሉ ሕያው ሆኖ የሚያየን በዚያች ባልተነካች ነጥብ ነው።

በ1639 ንጉሥ ቻርልስ አዲሱን የጸሎት መጽሐፍ እምቢ ባሉት ስኮቶች ላይ ሲዘምት አረንደልን የጦሩ አዛዥ አደረገው። በዚያው ዓመት ሆላር እንደ ጦር መሪ በፈረስ ላይ አስቀምጦ ሠራው። ይህ ኅትመት ኃይለኛ ነው፤ ፈረሱም ሰውየውም ይሞሉታል። ዘመቻው ግን አንድም ትልቅ ጦርነት ሳይደረግ በጁን ወር ቤሪክ ላይ በስምምነት አለቀ። ኋላ የዘመኑን ታሪክ የጻፈው ክላረንደን፣ ኧርሉን የማይወድ ሰው፣ ከአቋሙና ከመልኩ በቀር ወታደራዊ ነገር አልነበረውም ብሎ ጻፈበት። ፍርዱ መራራ ነው፤ ግን ለቅርጽ ምስል ተመልካች ትልቅ ነገር ይነግረዋል። አቋምና መልክ ወደ መዳብ የሚገቡት ነገሮች ናቸው። የጦር ችሎታ አይገባም። ወረቀቱን የገዛ ሰው ጄኔራል ገዛ።

በምስሎቹ ግርጌ የሚደረደረውን ጽሑፍ አሁን እናንብብ። የአረንደል ኧርል፣ የሰሪ ኧርል፣ የእንግሊዝ ኧርል ማርሻል፣ የጋርተር ኒሻን ባለቤት... ኧርል ማርሻል የሚለውን ሹመት በ1621 አግኝቷል፤ የመኳንንቱን የዘር አርማና የቤተ መንግሥቱን ሥርዓት የሚቆጣጠር ሹም ነው። እኛ ቀኛዝማች፣ ግራዝማች፣ ደጃዝማች እያልን ያደግን ሰዎች የማዕረግ ቅደም ተከተል ምን ያህል እንደሚናገር አንስተውም። ይህን ዝርዝር ሳነብ የሌለውን ቃል እፈልጋለሁ። «መስፍን» የለም። በ1644 የኖርፎክ ኧርል ተባለ፤ የኖርፎክ መስፍን አልተባለም። ዝርዝሩ የሚረዝመው አንድ ቃል ስለጎደለው ይመስለኛል።

በ1641 የንጉሡ ዋና አማካሪ የነበረው የስትራፎርድ ኧርል በፓርላማ ፊት ለሞት ፍርድ ሲቀርብ ችሎቱን የመራው አረንደል ነበር። ሆላር ያንን ችሎት በአንድ ሰሌዳ ላይ ሠራው፤ በዌስትሚንስተር አዳራሽ የተጨናነቀ የሰው ባሕር ነው፤ ማን የት እንደተቀመጠ በፊደላት ምልክት ተደርጎበታል። የሆላር መርፌ በፈረስ ላይ ያገዘፈው ያ ጌታ እዚህ ከሩዝ ፍሬ አይበልጥም። ስትራፎርድ በሜይ 12 ቀን አንገቱ ተቀላ። አያቱና ቅድመ አያቱ በዚሁ መንገድ ያለፉበት ሰው በዚያ ወንበር ተቀምጦ ምን አስቦ ይሆን? ሰሌዳው ላይ ፊቱ አይለይም።

በሚቀጥለው ዓመት አረንደል ንግሥቲቱን አጅቦ ባሕር ተሻገረ፤ አልተመለሰም። አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት ተዋጠ። ሆላርም በ1644 ወደ አንትወርፕ ተሰደደ። ኧርሉ በኦክቶበር 1646 ፓዶቫ ላይ ሞተ። ሆላር በኮርኔሊስ ሹት ንድፍ መሠረት መታሰቢያውን በመዳብ አወጣ። በዚያው ዓመት ደግሞ የአረንደል ቤትን ግቢ የሚያሳዩ ሁለት ሰሌዳዎች ሠራ፤ ሠራተኞች፣ ፈረስ፣ ቀላል ሰማይ፤ ጌታው የሌለበት ግቢ። ያ ቤት በዚያው ክፍለ ዘመን ፈረሰ። ሥዕሎቹ ተበተኑ። ኧርሉ የሰበሰባቸውን ጥንታዊ የእብነ በረድ ቅርሶች የልጅ ልጁ በ1667 ለኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሰጠ።

መዳብም ቢሆን ለሰው ፊት ታማኝ አይደለም፤ ይህን ካልነገርኳችሁ አጉል አሞካሸሁ ማለት ነው። ሰሌዳ ውድ ነው፤ ባለቤቱ ሲቀየር ከኋላ በመዶሻ ተመትቶ፣ ተፍቆ፣ ራሱ ይቀየራል። ፒየር ሎምባር ከቫን ዳይክ ወስዶ በሠራው አንድ የፈረስ ሰሌዳ ላይ አንድ ጊዜ የፓርላማው ወገን መሪ የክሮምዌል ራስ፣ ሌላ ጊዜ ክሮምዌል ያስገደለው የንጉሥ ቻርልስ ራስ ታትሟል፤ ራስ የሌለው ቅጂም አለ። ፈረሱና ጥሩሩ ያው ናቸው።

የመስፍንነቱ ማዕረግ በ1660 ለሃዋርዶች ተመለሰ። የተቀበለው ሌላው የአረንደል የልጅ ልጅ ነው፤ እርሱም አእምሮው ታሞ ፓዶቫ ይኖር ነበር። የአያቱ ሰሌዳዎች ግን ቀድመው ታትመው ተበትነዋል።

እንግዲህ ተነሥታችሁ ወደ ጠረጴዛው ቅረቡ። ቅጂዎቹን በትልቁ አሳትሜ አምጥቻለሁ፤ አጉሊ መነጽሩም አለ፤ ተራ በተራ ተቀባበሉት። መጀመሪያ ዓይኑ ውስጥ ያለችውን ነጭ ነጥብ ፈልጉ። ቀጥላችሁ ማዕረጉን አንብቡ። ከዚያ ከሆላር ሰሌዳዎች ግርጌ ላይ፣ ከጌታው ስም በጣም ባነሱ ፊደሎች የተጻፈ ሌላ ስም አለ። በአንዳንዶቹ ላይ ከስሙ ቀጥሎ አንድ ቃል ታገኛላችሁ፤ ቦሄሙስ ይላል። የቦሄሚያ ሰው ማለት ነው፤ በሃያ ዓመቱ ትቶት የወጣው አገሩ።